በምን ልማል?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እድራችን አዲስ ገንዘብ ያዥ ሊመርጥ ተሰበሰበ። አገሩ ባኮ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ስትሄዱ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ኢጃጂን አልፋችሁ፣ ከደጋው ወርዳችሁ ሙቀቱ ፊታችሁን መታ ሲያደርገው የምታገኟት ከተማ ናት። ስብሰባው አንድ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ስሜ ተጠራ። "ደመወዙ አይጠቅመውም እንጂ መደመር ያውቃል" ብሎ አንዱ ቀለደ። እጅ ሊወጣ ሲል አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ።

"ልጁ ጨዋ ነው፣ እኔ አልጠላውም" አሉ። "ግን እግዜር የለም ይላል አሉ። ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ ይምላል። እሱ በምን ሊምል ነው?"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጥያቄው ስድብ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ። ስድብ አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት፤ እኔም ራሴን ከጠየቅኩት ብዙ ጊዜዬ ነበር።

እውነታቸውን ነው፣ አላምንም። ኮሙኒስትም ነኝ። ባኮ ውስጥ የመጀመሪያው ቃል እናቶችን ያስደነግጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕድሜው ከሃምሳ በላይ የሆነውን ሁሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስትናገራቸው ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቀበሌ ካድሬ፣ ካኪ ልብስ፣ ሽጉጥ። "አንተ እኮ ደርግ ሲወድቅ አልተወለድክም፣ ይሄን ነገር ከየት አመጣኸው?" ይሉኛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከመቶው 43.5 ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ሙስሊም፣ 18.6 ፕሮቴስታንት ነበር። የቀረው ለዋቄፈታና ለሌላው ባህላዊ እምነት፣ ለካቶሊክ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ሌላ" ለምትባል ትንሽ ሳጥን ነው። እኔ ካለሁ እዚያች ሳጥን ውስጥ ነኝ።

እምነቴን ያጣሁበት የተለየ ቀን የለም። ማንም ሞቶብኝ ከፈጣሪ አልተጣላሁም። ወንዝ በበጋ እንደሚጎድለው ጎደለ፤ አንድ ቀን ስሻገረው እግሬ አልረጠበም። ምላሴ ግን እስካሁን አማኝ ነው። ስደነግጥ "በስመ አብ!" እላለሁ። ሳስነጥስ "ይማርህ" ሲሉኝ "ያኑርህ" ብዬ እመልሳለሁ። እንዴት አደርክ ሲሉኝ "እግዜር ይመስገን" እላለሁ፤ ሌላ መልስ ባውቅ እንኳ ሰው እንደታመምኩ ነው የሚያስበው። አማርኛ ያለ ፈጣሪ ሰላምታ አይጨርስም፤ ያለ መሐላ ደግሞ ወሬ አይጀምርም። "ማርያምን አልሰማሁም።" "ወላሂ ነገ እከፍልሃለሁ።" "አባቴ ይሙት!" ቀኑን ሙሉ እንምላለን።

ታዲያ በማያምነው ነገር የሚምል ሰው ምን እያደረገ ነው?

*

ጥያቄው የባኮ እናት ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 እ.ኤ.አ. በታተመው ስለ መቻቻል በሚናገር ደብዳቤው፣ መንግሥት የሰውን እምነት በጉልበት እንዳይነካ አጥብቆ ተከራክሯል። ሆኖም ለአምላክ የለሾች ሲደርስ በሩን ዘጋው። ምክንያቱ ያው የእድራችን እናት ምክንያት ነው፦ ቃል ኪዳንና መሐላ የማያስረው ሰው ከሌሎች ጋር ሊኖር አይችልም። ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1682 እ.ኤ.አ.፣ ፈረንሳዊው ፒየር ቤይል በተቃራኒው አምላክ የለሾች የሚኖሩበት ማኅበረሰብም በሥነ ምግባር ሊኖር ይችላል ብሎ ነበር። ሰው እንደሚያምነው አይደለም የሚኖረው፤ እንደ ልማዱና እንደ ፍላጎቱ ነው፤ አማኞችን አይታችሁ ፍረዱ ነው ክርክሩ።

ተማሪ ሆኜ ከቤይል ጎን ነበርኩ። ሎክን ስጠራው እየሳቅኩ ነበር። ግን አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የሆነ ነገር አለ፤ ሎክ ያንን ቢያውቅ እኔን ነበር ምሳሌ የሚያደርገኝ።

ዶርም ውስጥ ስድስት ነበርን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ለክፉ ቀን በብስኩት ቆርቆሮ እናስቀምጥ ነበር። እኔ ለእኩልነት የምከራከር፣ ስለ ትርፍ እሴት ሌሊት ሌሊት የማወራ ሰው፣ ከዚያ ቆርቆሮ 300 ብር ወሰድኩ። ለስልክ ነው። እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሁሉም ሌባ እንደዚያ ነው የሚለው። ከመመለሴ በፊት የአንዱ ልጅ አባት ታመመና ቆርቆሮው ተከፈተ። ተቆጠረ፣ ጎደለ።

ተራ በተራ ተጠየቅን። የእኔ ተራ ሲደርስ ሳላስበው "ማርያምን! አልነካሁም" አልኩ። ወዲያው አመኑኝ።

ከስድስታችን አንዱ ጴንጤ ነበር። ከሁላችን ደሃው እሱ ነው፤ እናቱ አረቄ አውጥታ እየሸጠች ነው ያስተማረችው። "አልወሰድኩም" አለ። "ማል" አሉት። "አልምልም። ጌታ አትማሉ ብሏል። አዎ ካልኩ አዎ ነው፣ አይደለም ካልኩ አይደለም ነው።" ዶርሙ ዝም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ቆርቆሮው ባለበት እሱን ብቻውን የሚተው ሰው አልነበረም። ማንም በአፉ ሌባ አላለውም። ሲገባ ግን ወሬ ይቋረጥ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዶርም ቀየረ።

እስቲ አስቡት። የማያምነው በማርያም ምሎ ታመነ። የሚያምነው፣ ስለሚያምን ብቻ አልምልም ብሎ ተጠረጠረ። ሎክ ተሳስቷል ማለት እችል ነበር፤ መሐላ እምነትን አይለካም፣ የምላስን ቅልጥፍና እንጂ። ግን ይሄን የምለው እኔ ነኝ፤ መሐላዬ ያላሰረኝ፣ ሎክ ያለው ዓይነት ሰው። የዶርሙ ልጆች በማርያም ስም የሰጡኝ አመኔታ ገንዘብ ቢሆን፣ እኔ የሐሰት ኖት ነው ያተምኩት። ደግሞም ኪሳራውን የከፈልኩት እኔ አይደለሁም።

*

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል ልሂድ፤ ወደ ኮሙኒስትነቴ።

አያቴን፣ የአባቴን አባት፣ አካኮ ነው የምንለው። ጭሰኛ ነበር። በሰው መሬት አርሶ፣ ካመረተው ላይ ለባለመሬቱ እያካፈለ፣ በበዓል ማርና በግ ይዞ ደጅ እየጠና ነው ልጆች ያሳደገው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው አዋጅ ሲወጣ ጭሰኝነቱ አበቃ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ይወስናል። አካኮ የደረሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ግን የራሱ የሚለው ማሳ ነበር። ሜዳውን እያሳየኝ "ዋቃ ሰጠኝ" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ገና መጽሐፍ ማንበብ ስጀምር፣ "አካኮ፣ ዋቃ አይደለም። ተማሪዎች ናቸው። በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 'መሬት ለአራሹ' ብለው ሰልፍ ወጡ። ብዙዎቹ በዋቃ አያምኑም ነበር" አልኩት።

ትንሽ አሰበና "ተማሪዎቹንስ ማን ላካቸው?" አለኝ።

እስከዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ክርክሩን እንዳሸነፈኝ ግን ያኔውኑ ገብቶኛል።

ኮሙኒስት ያደረገኝ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት ይሄ ሜዳ ነው። አንድ ሰው የሚያርሰው ሌላ ሰው የሚበላው ነገር ለምን ትክክል ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከአካኮ ጋር አልሞተም። ከእሱ በኋላ በጊቤ ዳር ሰፊ መሬት ለባለሀብት በሊዝ ሲሰጥ፣ የገበሬ ልጅ በአባቱ የግጦሽ መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ ሲሆን ያየ ሰው ጥያቄው የት እንዳለ ያውቃል።

"ይሄ ሐሳብ የፈረንጅ ነው" የሚሉኝ አሉ። ይሁን። ባኮ በምንድን ነው የምትታወቀው? በበቆሎ። ከምርምር ማዕከላችን የወጡት ዝርያዎች ቢኤች 140፣ ቢኤች 660 እየተባሉ በአገሩ ሁሉ ተዘርተዋል፤ "ቢኤች" ማለት ባኮ ሃይብሪድ ማለት ነው። በቆሎ ራሱ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እህል ነው። ወንጌልም ከሌላ አገር ነው የመጣው። የመጣበትን አንጠይቅም፣ እዚህ መሬት ላይ ያፈራውን ነው የምንጠይቀው።

ችግሩ ይሄው ነው። እዚህ መሬት ላይ ምን አፈራ?

መሬት ለአራሹ ሰጠ። የሙስሊሞችን በዓላት ብሔራዊ በዓል አደረገ። ሚሊዮኖች ፊደል እንዲቆጥሩ አደረገ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሦስት ሰዎች በአንድ መንግሥት እጅ ተገደሉ። አንደኛው አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው፣ ፓትርያርክ። ሁለተኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ፤ የሰው ነፍስና ሥጋ አይነጣጠልም፣ ወንጌልና ልማት አንድ ላይ ነው የሚሄደው ብለው የሚያስተምሩ፣ ከአገር ውጡ ሲባሉ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ያሉ ሰው። ሦስተኛው ኃይሌ ፊዳ፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው አርጆ የተወለደ፣ ፈረንሳይ የተማረ፣ የመኢሶን መሪ፣ ማርክሲስት። ፓትርያርክ፣ ፓስተርና ኮሙኒስት፤ ሦስቱንም የገደለው በኮሙኒዝም የሚምል መንግሥት ነው።

እዚህ ላይ የእኔ ዘመን ግራ ክንፎች የምንወዳት መልስ አለች፦ "እሱ እውነተኛው ሶሻሊዝም አልነበረም።" ለብዙ ጊዜ እኔም እሷን ነበር የምለው። ግን አማኝ ጓደኛዬ ስለ ሃይማኖት ጦርነቶች ስነግረው "እነሱ እውነተኛ ክርስቲያን አልነበሩም" ሲለኝ እስቃለሁ። አንዱ መልስ ለእሱ ማምለጫ ከሆነ ለእኔም ማምለጫ ነው።

ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኩ። ያ መንግሥት በምን ነበር የሚምለው? በሰፊው ሕዝብ። ሁሉም ነገር "በሰፊው ሕዝብ ስም" ነበር፤ መሬቱም፣ ጥይቱም። ሰፊው ሕዝብ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፦ ስብሰባ መሃል ተነስቶ "እኔ እንደዚህ አላልኩም" አይልም። ዶርማችን ውስጥም ማርያም ተነስታ "ውሸቱን ነው" አላለችም። እኔ ያደረግኩትና ካድሬው ያደረገው በመጠን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ በአሠራሩ ግን አንድ ነው። ሁለታችንም መልስ በማይሰጥ ዋስ ነው የማልነው። መልስ የማይሰጥ ዋስ እንደ ፈለግክ ይፈርምልሃል።

የአካኮ ዘመን ሰዎች "ኃይለ ሥላሴ ይሙት!" ብለው ይምሉ፣ ሰውንም በዚያው ቃል ያስቆሙ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ መሐላውም አብሮ ወጣ። እሱን የተካው ዋስ ግን ከንጉሡም የባሰ ሩቅ ነበር። ንጉሡ ቢያንስ አቤቱታ ይቀበሉ ነበር። ለሰፊው ሕዝብ አቤት የሚባልበት ደጅ አልነበረም።

*

ወደ ማንጎው ዛፍ እንመለስ። እናትዮዋ ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ።

ቀላሉ መንገድ ግልጽ ነበር። መጽሐፉን ይዤ መማል። ማንንም አልጎዳም፣ ሥራውን በንጽሕና እሠራለሁ፣ እሳቸውም ሰላም ያድራሉ። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ያንን መንገድ አንዴ ሄጄበታለሁ፣ የት እንደሚያደርስም አውቃለሁ።

ተነሳሁና "እማማ፣ ልክ ነዎት" አልኩ። "እኔ በማርያም ምዬ ዋሽቼ አውቃለሁ።" የዶርሙን ነገር ነገርኳቸው። 300 ብሩን፣ ስልኩን፣ ልጁን። ስጀምር ድፍረት መስሎኝ ነበር፤ ስጨርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገንዘብ ሊያስይዙት ለተሰበሰቡ ሰዎች ሌብነቱን የሚናገር ሞኝ የት አለ? ጡሩምባ ነፊያችን እንኳ ዝም አለ፤ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

የእድሩ ዳኛ ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። ሽማግሌ ናቸው፣ የጉማ እርቅ ላይ ሁሌ የሚጠሩ፣ ነገር የማይቸኩሉ።

"እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ። "ይሄ የእድራችን ሳጥን ስንት ቁልፍ አለው?"

"ሦስት" አልን።

"ቁልፎቹ ማን ጋ ናቸው?"

"ሦስት ሰው ጋ።"

"ታዲያ ሦስታችንም እግዜርን እናምናለን፣ ሦስታችንም ምለናል። ለምን በአንድ ቁልፍ አልተውነውም?"

የዚህን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፣ እናትዮዋም ጭምር። እኔ ከሳቁ ይልቅ ነገሩ ነው ያስገረመኝ። ስንት ዓመት ስለ ማኅበራዊ ባለቤትነት ሳነብ፣ በየወሩ የማዋጣበት ሳጥን ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም። እነዚህ አማኞች ሰውን በመሐላ ብቻ አያምኑም። ያከብሩታል፣ ያስምሉታል፣ ከዚያ ሦስት ቁልፍ ይሠራሉ። ያ መንግሥት የጎደለው ይሄ ነበር፤ ሳጥኑ የሁላችንም ነው ተባለ፣ ቁልፉ ግን አንድ ነበር።

እናትዮዋ ግን በዋዛ የሚረቱ አይደሉም። "ሳጥኑስ ይሁን" አሉ። "ሳጥን የሌለበት ቦታስ? ሰው ብቻውን ሲሆን ማን ያየዋል?"

ይሄ ነው እውነተኛው ጥያቄ፤ ሙሉ መልስ የለኝም። ሦስት ቁልፍ ዶርሙ ውስጥ አልነበረም። አማኝም ብቻውን ሲሆን ይሰርቃል ብዬ ማለፍ እችላለሁ፤ ግን የሌላው ሌብነት ለእኔ ንጽሕና አይሆነኝም። የነገርኳቸው ያለኝን ብቻ ነው፦ "እማማ፣ ብቻዬን ስሆን የሚታየኝ የዚያ ልጅ ፊት ነው። አልምልም ያለበት ሰዓት።"

ፊት ማስረጃ አይደለም። ማንንም አያሳምንም። ግን ከሰፊው ሕዝብ የሚለይበት ነገር አለ፤ ያ ፊት ስልክ ቁጥር አለው። ብደውል ያነሳል። ካነሳ ሊሰድበኝ ይችላል። ኮሙኒስትነቴን ላተርፈው ከፈለግኩ መጀመር ያለብኝ ከዚህ ነው፤ "ሕዝብ" ስል ስም ያላቸውን፣ መዝገቤን ገልጠው "ይሄ ብር የት ሄደ?" ሊሉኝ የሚችሉትን የእድራችንን አባወራዎችና እማወራዎች ማለት። ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ሲመጣ ደግሞ ቁልፉን ማብዛት።

ምርጫው ተደረገ። ገንዘብ ያዥ ሌላ ሰው ሆነ፤ መጽሐፉን ይዞ ማለ፣ ጥሩ ሰው ነው። ለእኔ ሦስተኛውን ቁልፍ ሰጡኝ። ሐሳቡን ያመጡት እናትዮዋ ናቸው። "ቁልፍ መሐላ አይፈልግም" አሉ።

*

የሚቀረው የልጁ ነገር ነው።

አማኝ ሲበድል ንስሐ አባቱ ጋ ይሄዳል። ይናዘዛል፣ ቀኖና ይሰጠዋል፣ ይፈታል። አልቀልድም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው በደሉን ተሸክሞ እንዳይሞት የተሠራ ጥበብ ነው። የደርግ ባለሥልጣናት እንኳ መጨረሻ ላይ ወደዚያው ነው የሄዱት። የሃይማኖት መሪዎች ይቅርታ ይደረግላቸው ብለው ጠየቁላቸው፣ በ2003 ዓ.ም. የ23ቱ የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ፓትርያርክና ፓስተር ለገደለ መንግሥት ሰዎች የቆሙላቸው ቄስና ፓስተር፣ ሼህና ጳጳስ ናቸው። ይሄን ሳስብ እኔ አምላክ የለሹ አንገቴን እደፋለሁ። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ሟቾቹ አልተጠየቁም። ሊጠየቁም አይችሉም።

ለማያምን ሰው ይቅርታ የሚገኘው አንድ ደጅ ብቻ ነው፤ የተበደለው ሰው ደጅ። ምትክ የለውም። ደጁ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፣ ሰውየው ከሞተ አበቃ። ስለዚህ የማያምን ሰው ከአማኝ ይልቅ መቸኮል አለበት። እኔ ስድስት ዓመት ዘገየሁ።

ከስብሰባው በኋላ በሳምንቱ ደወልኩለት። ነቀምት ነው የሚሠራው። ሰላምታውን ሳላስረዝም ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከኋላው የባጃጅ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

"አውቄ ነበር" አለኝ። "ስልኩን ሳይ ነው ያወቅኩት። ሁለት ወር ሙሉ ትነግራቸዋለህ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ለጌታ ብዬ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ። እናቴ ግን እስካሁን ታነሳዋለች። አረቄ ሻጭ ስለሆነች ነው ልጇ የተጠረጠረው ብላ ነው የምታስበው።"

የምለው ጠፋኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። አንድ መሐላ አምቦ ላይ ወጥቶ እስከ እናቱ ጎጆ እንደሄደ አላውቅም ነበር።

"ለሌሎቹም ንገራቸው" አለኝ። "ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።"

የዶርማችን ልጆች አሁንም የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ በዓል ሲመጣ "እንኳን አደረሳችሁ" ከመባባል በቀር ጸጥ ያለ ነው። በዚያው ምሽት ጻፍኩላቸው። አላሳመርኩትም። 300 ብሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ በማርያም ምዬ የዋሸሁትም እኔ ነኝ፣ እሱ አልወሰደም፤ ይሄው ነው።

ሁለቱ አነበቡና ዝም አሉ። አንዱ ተሳደበ፤ ይገባኛል። አራተኛው፣ ያኔ አባቱ ታሞ ቆርቆሮውን ያስከፈተው ልጅ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት ቃል ላከ።

"ማርያምን?"

ጣቴ ከልማዱ "ማ" ብሎ ጀምሮ ነበር። አጠፋሁት።

"አዎ" ብዬ ጻፍኩ።